የእትዬ ኤልቪራ የሰጋቱራ ምንጣፍ

ባለፈው መጋቢት ኮክረን የምትባል ከተማ ውስጥ ለአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ዕቃ አራግፌ፣ እስኪፈርሙልኝ ከትራኬ ወርጄ ቆሜ ነበር። ጓሮው ውስጥ የሰጋቱራ ክምር አለ። በረዶው መቅለጥ ጀምሮ ክምሩ ረጥቧል፤ ፀሐይ መታውና ሽታው መጣ። የእርጥብ ሰጋቱራ ሽታ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ሆምጠጥ ያለ፣ የሊጥም የሙጫም ዓይነት ነገር ነው። ሠራተኛው ወረቀቱን ይዞ መጣና ፊቴን አይቶ "አር ዩ ኦኬ?" አለኝ። "ኦኬ ነኝ" አልኩት። አልነበርኩም። ትራኩ ውስጥ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ተቀመጥኩ።

ይህን ጻፍ ያለኝ ሰው የለም። ፊደል የቆጠርኩት ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ የአማርኛውን፣ ቀጥሎ የእንግሊዝኛውን። ዘግይቶ የመጣ ነገር ስለሆነ አላባክነውም። ለእትዬ ኤልቪራ ግን ቢውል አይቆጨኝም።

ያን ጊዜ ካልጋሪ፣ ዋይትሆርን የሚባል ሰፈር ውስጥ ቤዝመንት ነበር የምንኖረው፤ እኔና እማዬ። ከወሎ አውጥታ፣ በሱዳን አድርጋ ነው ያመጣችኝ። አባቴን አላስታውሰውም፤ እሷም አታነሳውም። እዚህ ስንደርስ አሥር ዓመቴ ነበር፤ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። እነሱ ዕድሜዬን አይተው አራተኛ ክፍል ወረወሩኝ። አስተማሪዋ ፈገግ እያለች ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ትሰጠኛለች። እኔ ሌላው ልጅ ሲያነብ ሰምቼ በቃሌ እይዝና ገጹን እየገለጥኩ እለዋለሁ። "ጉድ ጆብ!" ትለኛለች። ከሷ በኋላ የመጡትም እንደዚያው ጉድ ጆብ እያሉ አንዲት መስመር ማንበብ የማልችለውን ልጅ ከክፍል ክፍል ገፉኝ። "ደጎች ስለሆኑ ነው" የሚለኝ ሰው አለ። ደግነት ማለት እሱ ከሆነ ይቅርብኝ።

ከላያችን የቤቱ ባለቤቶች ይኖራሉ፤ ጋሼ ቼፔና ባለቤታቸው እትዬ ኤልቪራ። አገራቸው ጓቴማላ ነው፤ አንቲጓ ከምትባል፣ ስፔኖች ድሮ ከቆረቆሯት ያረጀች ከተማ የመጡ ናቸው። ልጅ የላቸውም። ጋሼና እትዬ ያልኳቸው በእማዬ ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ ቀን "ቼፔ!" ብዬ ስጣራ ሰምታ ጆሮዬን ጠመዘዘችው።

"አንተ ባለጌ! ሽበታሙን ሰውዬ በደረቁ ትጠራዋለህ?"

"እማዬ፣ እዚህ አገር እንደዚህ ነው የሚባለው።"

"አገሩ የፈለገውን ይበል። አንተ ጋሼ ነው የምትለው።"

ጋሼ አልኳቸው። የቁልምጫ ስም ያወጣሁላቸው መሰላቸው፤ ደስ ብሏቸው ለፖስተኛው ሳይቀር "እኔ ጋሼ ነኝ" ይሉት ነበር። የምንግባባበት እንግሊዝኛ የሁላችንም ስብርባሪ ነው፤ አንቱም አልነበረው። አሁን ስጽፈው ግን በአንቱ ነው የሚመጣልኝ፤ እንደመጣ ይሁን።

እማዬ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፤ ሺፍቷ ከሰዓት በኋላ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በቀጥታ ወደ ላይ እወጣለሁ። እትዬ ኤልቪራ ወጥ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበራቸው ተነስተው ጥቁር አደንጓሬና ትኩስ የበቆሎ ቂጣ ያቀርቡልኛል። "ብላ ሚኾ" ይላሉ። ሚኾ በእነሱ ቋንቋ ልጄ ማለት ነው። ዛሬ ምን ተማርክ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። የማያውቀኝ ሁሉ፣ የአውቶቡስ ነጂው እንኳን፣ ይጠይቀኛል፤ እሳቸው ግን የለም። አንድ ቀን የመድኃኒታቸውን ጠርሙስ ዘረጉልኝና "ምን ይላል?" አሉ። ተቀብዬ አገላበጥኩት። እሳቸው እኔን አዩ፤ እኔ እሳቸውን አየሁ።

"አንተም?" አሉኝ።

"እርስዎም?"

ሳቅ ያዘን። አፋቸውን በሽርጣቸው ሸፍነው እስኪያስላቸው ሳቁ። ጠርሙሱን ጋሼ ቼፔ እስኪመጡ ጠረጴዛው ላይ አቆምነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የእሳቸው ነበርኩ።

የሚያወሩልኝ ስለ ከተማቸው ነው። ሲያድጉ ልብስ አጣቢ ነበሩ። የሕዝብ ማጠቢያ አለ፤ ረጅም የድንጋይ ገንዳ፣ ቅስት ቅስት ያለው ግንብ የተደረደረበት። ሴቶቹ ጎን ለጎን ቆመው የሰው ልብስ እያጠቡ የሰው ገመና ያወራሉ። "ያን ከተማ ሰው በሙሉ በአንሶላው ነበር የምናውቀው" ይሉና ይስቃሉ፤ ምኑ እንደሚያስቅ አይገባኝም። የቤቶቹ ግድግዳ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ ነው። መንገዱ የድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ሲዘንብ ያንሸራትታል። በጾማቸው ወራት ሰው ሐምራዊ ጨርቅ በየመስኮቱ ያንጠለጥላል፤ ሽምብራ በማር ይቀቅላል። የቤተ ክርስቲያኖቹ ነገር ግን አልገባኝ አለ፤ ግማሾቹ ጣሪያ የላቸውም። ማታ ለእማዬ ነገርኳት።

"ጣሪያ የላቸውም? ገንዘብ አልቆባቸው ነው?"

"እንጃ። ከጥንት ጀምሮ ነው አሉ።"

"ታዲያ ሳይጨርሱት ምን አስገባቸው?" አለችና ያበጠ እግሯን ከጫማዋ ጎትታ አወጣች።

የመሬት መንቀጥቀጥ ጥሏቸው፣ ሰዉም ፍርስራሹን እንዳለ ትቶ አጠገቡ መኖሩን እንደቀጠለ የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ ገና እየተሠሩ ያሉ፣ አንድ ቀን የሚያልቁ ነበር የሚመስለኝ።

ደግሞ የሚያጨስ ተራራ አለ ይሉኛል። ጠዋት ልብስ ከማስጣታቸው በፊት ቀና ብለው ያዩታል፤ አመዱ ነጭ አንሶላ ላይ እንዳይወርድ። ከወጥ ቤቱ መስኮት፣ ቀኑ ጠራ ሲል፣ የሮኪ ተራሮች በስተምዕራብ ብቅ ይላሉ። እኔ ያ ተራራ እነሱ መሃል ያለ መስሎኝ፣ ደመና ባየሁባቸው ቁጥር "እትዬ! ጨሰ!" ብዬ እጮሃለሁ። አንድም ቀን አይደለም አላሉኝም። "በል ልብሱን እናስገባ" ይሉና አብረን ወጥተን ከገመዱ ላይ እንሰበስባለን።

በዚያው ዊንተር እግራቸው ማበጥ ጀመረ። ልባቸው ደክሟል አሉ ሐኪሞቹ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ወንበሩ ላይ ማደር ያዙ። እማዬ ኦፍ በሆነች ቀን ትወጣና እግራቸውን በዘይት ታሽላቸዋለች። አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አያውቁም። "አብሽሩ እትዬ፣ አብሽሩ" ትላቸዋለች፤ እሳቸው በስፓኒሽ ረጅም ነገር ይመልሱላታል፤ እሷ "አሚን" ትላለች።

ጾማቸው ሲገባ ጋሼ ቼፔ መኪናቸውን ከጋራዥ አወጡና በምትኩ ሰጋቱራ በጆንያ በጆንያ አስገቡ። እኔንም ጠሩኝ።

"በእኛ ከተማ የሕማማት ሳምንት ሲደርስ ሰው ደጁ ላይ፣ መንገዱ መሃል፣ በቀለም ከተነከረ ሰጋቱራ ምንጣፍ ይሠራል" አሉኝ። "አበባ ብትል፣ ወፍ ብትል፣ የፈለግከውን ታወጣበታለህ። ከዚያ ጌታን የተሸከሙት ሰዎች በላዩ ያልፋሉ።"

"በላዩ? ይረግጡታል?"

"ይረግጡታላ! ሊረገጥ አይደል የሚሠራው?"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይበተናል። የለመንከውን ይዞልህ ይሄዳል።"

"እርስዎ ምን ሊለምኑ ነው?"

በአገጫቸው ወደ ወጥ ቤቱ አመለከቱኝ።

ለእማዬ ስነግራት መሃረቧን እየፈታች ቆም አለች።

"የለፉበትን ምንጣፍ ሊረግጡት? ኧረ በአላህ! እኛ መስገጃ በጫማ የረገጠን ልጅ ነው የምንገርፈው።"

"ታዲያ አልሂድ?"

"ሂድ እንጂ። ሴትዮዋ ይዳኑ እንጂ የማንም ዱዓ አይናቅም።"

ሄድኩ። ስለ መስገጃው ያለችው ግን ከራሴ አልወጣ አለ።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ሰጋቱራው በወንፊት ይነፋል፤ ስንጥሩ ይለያል፣ ደቃቁ ይቀራል። ደቃቁ ባልዲ ውስጥ በቀለም ይታሻል። ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ። የምነፋው እኔ ነኝ፣ የማሸውም እኔ ነኝ፤ ጋሼ ቼፔ ካርቶን ላይ ሥዕል ነድፈው በምላጭ ይቆርጣሉ። ካርቶኑ መሬት ላይ ተደርጎ ቀለሙ በቀዳዳው ይነሰነሳል። የሣሉት ያን ማጠቢያ ነበር፤ ቅስቶቹን፣ ገንዳውን፣ ከገንዳው ጠርዝ ላይ ደግሞ አንዲት ቢጫ ወፍ።

"ወፏ ያንተ ናት፤ እኔ አልነካትም" አሉኝ።

እጄ እስከ ክርኔ ሐምራዊ ሆነ። አስተማሪዋ አይታ ሥዕል የወደድኩ መስሏት "ጉድ ጆብ" አለችኝ።

እትዬ ኤልቪራ ወደ ጋራዡ የሚወስደውን በር አስከፍተው ከወንበራቸው ሆነው ያዙናል። "ቼፔ፣ ያ ቅስት ተንጋዷል! አንተ ስትሠራው ነው የሚንጋደደው፣ እዚያ ቀጥ ያለ ነው!" ይላሉ። ወፏን ግን ሁልጊዜ ያመሰግኑልኛል። ቀለሙ እየበዛ፣ እሳቸው እየከሱ ሄዱ። እኔም በልጅ አእምሮዬ ሁለቱን አንድ አደረግኳቸው። ገንዳው የእሳቸው ነው፤ ቅስቱ የእሳቸው ነው፤ ስለዚህ ምንጣፉ እሳቸው ናቸው። ካልተረገጠ አይሞቱም። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ብቻዬን ደረስኩበት፤ እንደዚያ የተማመንኩበት ነገር ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም።

ሐሙስ ዕለት ከሰዓት ምንጣፉን ቤተ ክርስቲያናቸው ፓርኪንግ ላይ አነጠፍነው። ቀኑ ሞቅ ያለ ነበር፤ አስፋልቱ ደርቋል። ጋሼ ቼፔ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ከላይ በተጋደመ ጣውላ ላይ ተደግፈው ቅስቶቹን አንድ በአንድ አወጡ። ወፏን እኔ ነሰነስኩ። ሲያልቅ የአትክልት ማጠጫ አንስተው ከዳር እስከ ዳር ውሃ ያርከፈክፉበት ጀመር። እማዬ ሻይ ይዛልን መጥታ ነበር።

"ውሃ ነው እንዴ የሚያፈሱበት?" አለችኝ። "ንገራቸው እንጂ! ሌሊት ድንጋይ ይሆናል በላቸው።"

ነገርኳቸው። ማጠጫውን ሳያወርዱ "ውሃ ካልጠጣ ነፋስ ይወስደዋል" አሉኝ። "አያቴም ታጠጣው ነበር።"

"እማዬ ይበርዳል እያለች ነው።"

"ነገ ፀሐይ አለ በላት።"

ካልጋሪ ስንት ዊንተር በረዶ ዝቀዋል፤ አካፋቸው ሳይቀር ሁለቴ ተሰብሮ ተቀይሯል። እጃቸው ግን የሚያውቀው ያቺን ከተማ ነበር። ሌላ ባልዲ ውሃ ሞልተው ደገሙት።

ዓርብ ጠዋት ስንደርስ ምንጣፉ ያበራል። ጠዋቱ ቆንጥጦ የሚይዝ ብርድ ነበር፤ ፀሐይዋ የምትታይ እንጂ የምትሞቅ አይደለችም። ጎንበስ ብዬ በጣቴ መታሁት፤ ጠረጴዛ የመታሁ ያህል ድምፅ ሰጠ። ለጋሼ ቼፔ አልነገርኳቸውም፤ ራሳቸው በጫማቸው ጫፍ ነክተው አይተውታል። ኮፍያቸውን አወለቁ።

እትዬ ኤልቪራ መኪናው ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ እማዬ አጠገባቸው ሆና፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ያያሉ። ሰልፉ መጣ። ከዊንተር ጃኬት በላይ ሐምራዊ ቀሚስ የደረቡ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ወፍራም መስለዋል። መስቀል የተሸከመውን የጌታ ምስል በትከሻቸው ይዘው፣ ከቴፕ በሚወጣ የሐዘን ሙዚቃ ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ምንጣፉ ጋ ሲደርሱ ዓይኔን ጨፈንኩ። እግራቸው ሲያንሸራትታቸው፣ አንዱ ሌላውን "ቀስ!" ሲለው እሰማለሁ። አለፉ። ዓይኔን ስከፍት ቅስቶቹ ቆመዋል። ገንዳው አለ። ወፏ አለች፤ አንዲት ላባዋ አልተነካችም።

"አልተበላሸም!" ብዬ ጮህኩ። "እማዬ፣ አልተበላሸም! ተረፉ!" እየዘለልኩ ነበር። ዘልዬ ዞር ስል ጋሼ ቼፔን አየኋቸው።

ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። "አልወሰደውም" አሉ። "አልተቀበለኝም።" ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሥር የቆመውን የበረዶ መፈልፈያ ብረት አንስተው መጡና የመጀመሪያውን ቅስት መቱት። አረንጓዴ ፍንጣሪ ተረጨ። ሮጬ ብረቱ ላይ ተንጠለጠልኩ።

"ይተውት! ጋሼ፣ ይተውት!"

"ልቀቅ፣ ልጅ! መሄድ አለበት!"

"ከሄደ ይሞታሉ!"

በአንድ ብረት ጫፍና ጫፍ፣ እሳቸው ላድናት ብለው ይጎትታሉ፤ እኔም ላድናቸው ብዬ እጎትታለሁ። ሰልፈኞቹ ቆመው ያዩናል። አንዱ ሳቀ፤ ያ ሰው ዛሬ ባገኘው አሁንም እመታዋለሁ።

"ቼፔ!" የሚል ድምፅ ከመኪናው መጣ። "ልጁን ተወው። እግዜር ካልጋሪ እንደሚበርድ የማያውቅ መሰለህ?"

እማዬን ተደግፈው ወረዱ። እግራቸው ጫማ ስለማይገባለት በቤት ነጠላ ጫማቸው ላይ፣ በረዶው እንዳያንሸራትታቸው፣ ካልሲ ደርበዋል። ከመኪናው እስከ ምንጣፉ ያለችውን አጭር መንገድ ሦስት ጊዜ አርፈው ጨረሷት። ትከሻዬን ያዙ።

"ማን ነው እሞታለሁ ያለህ?"

"ማንም። ግን ከረገጡት..."

ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅኳቸው።

"ሚኾ፣ እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ። አንሶላ አጥባለሁ፣ አሰጣለሁ፣ እንደ በረዶ ነጭ አደርገዋለሁ። ማታ ሰው ይተኛበታል። ማንም ካልተኛበት ለምን አጠብኩት?"

ወፌን ዞሬ አየኋት።

"ደክሞኛል፤ ገባህ?" አሉኝ ዝቅ ብለው። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። የሻይ ቴርሞሷን ነው የፈለጉት። ልትቀዳላቸው ስትል ቴርሞሱን እንዳለ ተቀበሏትና ትኩሱን ሻይ ወፌ ላይ አፈሰሱት። በእንፋሎት ተሸፈነች። ቢጫው ላላ፣ ወደ ገንዳው ፈሰሰ፣ ከሐምራዊው ጋር ተቀላቅሎ ጭቃ መሰለ። እትዬ ኤልቪራ በዚያች በቀለጠችው ቦታ ላይ ካልሲ ያጠለቀውን እግራቸውን አሳረፉና ጫን አደረጉት። ጋሼ ቼፔ ብረቱን ጥለው ተንበረከኩ፤ ግንባራቸውን መሬት አስነኩ። እማዬ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን እግራቸውን አቅፌ ከዚያ ላነሳው እየታገልኩ ነበር። ከባድ ነበር፤ ውሃ የቋጠረ እግር እንደዚያ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሞቃቱ የተራራ ነፋስ መጣ። የቀረው ሁሉ ቀልጦ፣ ቀለሙ ፓርኪንጉን አቋርጦ ወደ ፍሳሹ ወረደ።

ከፋሲካቸው በኋላ ብዙ አልቆዩም። ሆስፒታል ገቡ፤ አልወጡም። ልባቸው ነው፤ ሐኪሞቹ አስቀድመው ነግረውናል፤ ሰጋቱራ ሰው አይገድልም፣ አያድንምም። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ማወቅ ከምትፈልጉበት ሰዓት በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

የቀብሩ ማግስት እማዬ ሺፍት ገባች። እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ፣ ሌላ የምሄድበት ስለሌለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው ወደ ላይ ወጣሁ። ጋሼ ቼፔ ምድጃው ጋ ቆመው አደንጓሬ ያማስላሉ። ቂጣውን አሳርረውታል፤ ወጥ ቤቱ ጭስ ብቻ ነው። ዞረው አዩኝና ሳህን አቀረቡ። ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ፊታቸው የተረጋጋ ነበር፤ እንደ ተላጨ፣ እንደ ታጠበ። እትዬ ሞተውም የለመኑት የተሰማላቸው ሰው ፊት ነበር። ያ ፊት ነው ያሳበደኝ።

"እናንተ ናችሁ" አልኳቸው። "ረግጣችሁ ገደላችኋቸው።"

እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ተመለከቱት። ጥፍራቸው ሥር ሐምራዊው ገና አልለቀቀም። አይደለም ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲሉኝም እፈልግ ነበር።

"አዎ" አሉ።

ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"ብላ፤ ይቀዘቅዛል።"

በላሁ።